የሚሰፍሩበትን ቦታ ስለ መምረጥ

ከአንድ አገር ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ለመኖር የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «የት ልቀመጥ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። ነገር ግን ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድግ፣ ቢታመም ማን እንደሚጠይቀው፣ ቢሞትም ማን እንደሚቀብረው የሚወሰነው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው። በሥራ ምክንያት ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው የሚዛወሩ ወጣቶች፣ አሜሪካ ሄደውም ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ለመነሣት ያሰቡ ዘመዶቼ፣ ምክር ሲሹ አንዳንድ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣሉ። የሚያነሡልኝ ነገር የቤት ኪራይና የደመወዝ ጉዳይ ነው። ስለዚያ እኔ ከእነርሱ የበለጠ አላውቅም። የማጫውታቸው ነገሥታቶቻችን መቀመጫቸውን እንዴት ይመርጡ እንደ ነበረ ነው። እነርሱም መጀመሪያ ይገረማሉ፤ በኋላ ግን ያዳምጡኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ከቃሉ እንጀምር። ከተማ የምንለው በጥንቱ አነጋገር የንጉሡ የጦር ሰፈር ማለት ነበረ። ሰፈር የሚለውም ቃል መስፈር ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ነው፤ ጭነት አውርዶ፣ ድንኳን ተክሎ መቀመጥ ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ በድንጋይና በሲሚንቶ በተሠራ ቤት ውስጥ ተቀምጠን «ሰፈርህ የት ነው?» ስንባባል፣ የምንናገረው የድንኳን ዘመን ቋንቋ ነው።

በዚያ በድንኳን ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ጊዜ የሚቀመጡበት አንድ ከተማ አልነበራቸውም። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባለው የፖርቱጋል ቄስ በ1512 ዓ.ም. ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ፣ በዓፄ ልብነ ድንግል አገር ስድስት ዓመት ያህል ኖሮ ያየውን ጽፏል። ሰፈሩ በተነሣና በተተከለ ቁጥር ሥርዓቱ አይለወጥም ነበር። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል፣ መኳንንቱ በቀኝና በግራ፣ አብያተ ክርስቲያናቱና ገበያው እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ይተከላሉ። ስለዚህ ሰፈሩ የቱንም ያህል ቢርቅ ማንም ሰው የጌታውን ድንኳን ለማግኘት አይቸገርም። አገሩ ይለወጣል እንጂ ጎረቤቱ አይለወጥም ማለት ነው። ይህን ነገር ሳስበው ደስ ይለኛል፤ የዛሬ ስደተኛ ያጣው ዋናው ነገር ይህ ነውና።

ነገር ግን የዚያ ሁሉ ሰው እሳት እንጨት ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ ፈረስና በቅሎም ሣር ይፈልጋል። የአካባቢው እንጨት ሲያልቅ፣ የገበሬውም ጎተራ ሲራቆት ሰፈሩ ይነሣል። በኋላው የቀረው ገበሬ ምን እንዳለ የጻፈልን የለም። ከቀደሙት ነገሥታት መካከል በአንድ ቦታ ረግተው በመቀመጥ የታወቁት ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። እርሳቸው በሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ስሙን ደብረ ብርሃን ብለው፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን አብዛኛውን በዚያ ኖሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ዓፄ በእደ ማርያም እንደ ገና ወደ ድንኳኑ ኑሮ ተመለሱ።

ረግቶ የመቀመጥ ነገር በእውነት የጸናው በጎንደር ነው። ዓፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት፣ ዓፄ ሠርፀ ድንግል በጉዛራ፣ ዓፄ ሱስንዮስም በጎርጎራና በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ሠርተው ነበር። ስለ ጎንደር አመራረጥ የሚተረከው ተረት የታወቀ ነው፤ የከተማው ስም በ«ጎ» ፊደል ይጀምራል የሚል ትንቢት ነበረ፣ ዓፄ ፋሲልም ጎሽ ሲያሳድዱ ወደ ቦታው ደረሱ ይባላል። ተረቱን አልንቅም። ቦታውን ግን በዓይኑ ያየ ሰው ሌላም ምክንያት ያገኝበታል። በስተምዕራብ ቀሃ፣ በስተምሥራቅ አንገረብ ይወርዳሉ፤ ውሃ በሁለት ወገን ማለት ነው። ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ከጣና ዳር ወባ ይርቃል፤ እንደ ስሜን ተራራ ግን አይበርድም። ወደ ስናርና ወደ ምጽዋ የሚሄደው ነጋዴም የሚያልፍበት አገር ነው። ለመከላከያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚያ የሚሻል ስንት አምባ ነበረ። ዓፄ ፋሲል የመረጡት ግን ሰው ሊኖርበት የሚችለውን ቦታ ነው፤ ስለዚህም ከተማው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ሆነ።

ይሁን እንጂ በዚያው በጎንደር ውስጥ ቦታውን የመረጠው ሁሉም ሰው አልነበረም። ከ1659 እስከ 1674 ዓ.ም. በነገሡት በዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ታዘዘ። የእስላሞቹ ሰፈር ወደ ቀሃ ወንዝ ዝቅ ብሎ እስላም ቤት ተባለ። ነጋዴው እርሱ ነበረ፤ ሸማኔው እርሱ ነበረ፤ ቤተ እስራኤሉም ግንበኛና አንጥረኛ ነበረ። ከተማውን በእጁ የሠራ ሰው በከተማው ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ ሌላ ሰው መረጠለት። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ መቅደላ ብዙ አልናገርም። ዓፄ ቴዎድሮስ ከአምባዎች ሁሉ ጽኑ የሆነውን መርጠው ግምጃ ቤታቸውንና እስረኞቻቸውን በዚያ አኖሩ። በ1860 ዓ.ም. የሆነውን ግን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የማስበው በዚያ አምባ ላይ በምርኮ ስላደጉት ልጅ ነው። የሸዋው ልጅ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው አገራቸው ገቡ። የተራራ ምሽግ ከውስጥ ሆኖ ሲያዩት ምን እንደሚመስል በልጅነታቸው ያወቁ ሰው ነበሩ ማለት ነው። ሆኖም እርሳቸውም በተራቸው ተራራ መረጡ።

ዳግማዊ ምኒልክ በሸዋ ንጉሥነታቸው ዘመን አንኮበር፣ ልቼ፣ ወረ ኢሉ እያሉ ሲዘዋወሩ ቆይተው፣ ግዛታቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፋ ሲሄድ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አመጡ። እንጦጦን የመረጡበት አንዱ ምክንያት የቀደሙት ነገሥታት ከተማ ፍራሽ በዚያ ተገኘ ተብሎ መታመኑ ነው። የአባቶችን መቀመጫ ማደስ ለንጉሥ ትልቅ ክብር ነበርና። ሁለተኛውም ምክንያት የቦታው ጽናት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ራስ ላይ የቆመ ዘበኛ የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ያያል።

እንጦጦን በክረምት ወጥቼ አይቼዋለሁ። ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው ዛፍ አይታይም፤ ነፋሱ ጋቢ ያስጥላል። ዛሬ መኪና የሚያወጣው መንገድ አለ። በዚያ ዘመን ግን እህሉም፣ ማሩም፣ ሥጋውም በሰው ጫንቃና በእንስሳ ጀርባ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ውሃም እንጨትም ቀላል አልነበረም። የዘበኛው ዓይን የሚወደውን ቦታ የባልቴቲቱ ጉልበት አይወደውም። መኳንንቱ ስለ ጠላት ሲያስቡ፣ ስለ ውሃና ስለ ማገዶ የምታስበው የግቢው እመቤት ነበረች።

እንግዲህ አዲስ አበባን የመረጡት ወይዘሮ ጣይቱ መሆናቸው አያስደንቀኝም። ከእንጦጦ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ፊንፊኔ በሚባለው ሜዳ፣ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብና ለመታከም ወደዚያ ይወርድ፣ ድንኳን ተክሎም ይሰነብት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ለሐረር ዘመቻ በሄዱበት ወራት ወይዘሮ ጣይቱ በዚያው ቤት እንዲሠራላቸው አስፈቅደው አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። በቦታው ያዩት አበባ ደስ አሰኝቷቸው ነው ይባላል። አበባው እውነት ይሆናል። ከአበባው በታች ግን ሙቅ ውሃ ነበረ፤ ከነፋስ የተጠለለ ሜዳ ነበረ፤ ለገበያ የሚመች ስፋት ነበረ።

ሰውም ወዲያው አልወረደም። ይህን ነገር ልብ እንዲባል እፈልጋለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው፤ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ሦስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ማለት ነው። አንድ እግር በተራራው፣ አንድ እግር በሜዳው ሆኖ ጥቂት ዓመታት አለፉ። አዲስ አገር የሄደ ሰው በሦስተኛው ወር «አልለመድኩትም» እያለ ሲያዝን ስሰማ ይህን እነግረዋለሁ፤ መንግሥት እንኳ ከተራራው እስከ ሜዳው ለመውረድ ዓመታት ፈጅቶበታል።

መኳንንቱም ሲወርዱ የሰፈሩት በጥንቱ በድንኳን ሥርዓት ነው። ግቢው ከመካከል በጉብታው ላይ ሆነ። እያንዳንዱ መኮንን ከነሠራዊቱ ቦታ ተሰጠው፤ ቦታውም በስሙ ተጠራ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች እስከ ዘመናችን የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ሠራተኛ ሰፈርም የእጅ ጥበብ ላላቸው ተሰጠ። በየሰፈሩ መካከል ያለው ወንዝና ሸለቆ ባዶ ስለ ነበረ፣ ያየው የውጭ አገር ሰው ሁሉ «ይህ ከተማ ነው ወይስ ብዙ መንደር?» ብሎ ይገረም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። ሜዳው ባዶ አልነበረም። በፊንፊኔ ዙሪያ የቱለማ ኦሮሞ ነገዶች፣ ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የሚባሉት፣ ከብት እያረቡና እያረሱ ይኖሩ ነበር። በፍል ውሃው ዳር ከብቱ ጨው ያለበትን ውሃ ይጠጣ ነበር። ንጉሡ ለመኳንንቱ ያከፋፈሉት ቦታ የእነዚህ ሰዎች መሬት ነበረ። እነርሱም ከፊሉ ተገፍተው ሄዱ፤ ከፊሉም በገባርነትና በሎሌነት ቀሩ። ስማቸው ግን በቦታው ላይ ቀረ፤ ዛሬ ጉለሌና የካ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማዎች ስም ናቸው። በትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ ስለ አበባው ነገረን እንጂ ስለ እነዚህ ሰዎች እምብዛም አልነገረንም። እኔ የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፤ ከተማዬንም እወዳታለሁ። ቢሆንም አንድ ሰው ቤቱን የሠራበትን መሬት ታሪክ ማወቅ ለቤቱ ያለውን ፍቅር ይቀንሰዋል ብዬ አላምንም። ጎረቤቱ ሲያዝን ምክንያቱን እንዲያውቅ ግን ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ የጥንቱ ችግር ተመልሶ መጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ተቆርጦ አለቀ። ማገዶ ፍለጋ የሚሄደው ሰው በየዓመቱ መንገዱ እየራቀበት ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ አባቶቻቸው ሥርዓት ለመነሣት አሰቡ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደን ባለበት አገር፣ አዲስ ዓለም ብለው ሌላ ከተማ ቆረቆሩ፤ ቤተ መንግሥትም አስጀመሩ። ስሙን ልብ በሉ። አበባው አሮጌ ሳይሆን ዓለሙ አዲስ ሊሆን ነበር።

ነገር ግን አልሄዱም። አንደኛ፣ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው፣ ገንዘብ አፍስሰው ነበርና መነሣቱን አልወደዱትም። ሰው ድንኳኑን ጠቅልሎ ሊሄድ ይችላል፤ የድንጋይ ቤቱን ግን አይጠቀልለውም። ሁለተኛ፣ ከአውስትራልያ ምድር የተገኘ አንድ ዛፍ መጣ። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ አለው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በርካሽ እንዲሰጥ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከተማው ጫካ ለበሰ። የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ለማርያም ተሰጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እስከ ዛሬ አለ።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ነገር ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ የአገራችን ንጉሥ እንጨት ሲያልቅበት አገሩን ይለውጥ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን አገሩን ሳይለቅ እንጨቱን ተከለ። ባሕር ዛፍን የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም ይላሉ፤ ነቀፋቸውም እውነት አለበት። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ጎብጠው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩት ሴቶችም የዚያን ዛፍ ሸክም በጀርባቸው ያውቁታል። ሆኖም ያለ እርሱ አዲስ አበባ ዛሬ እንደ ልቼ ትዝታ ብቻ ሆና በቀረች ነበር።

በምሥራቅ ደግሞ ቦታ የመረጠው ንጉሥ ሳይሆን ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ሐረርን ትቶ በሜዳው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚያ ተወለደች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲያ ከተማዋን ስለ ማዛወር ማንም አላሰበም።

እስካሁን የተናገርኩት መምረጥ ስለ ቻሉ ሰዎች ነው። አሁን መምረጥ ስላልቻሉት ልናገር። ሰፈር ከሚለው ቃል ሰፈራ የሚል ሌላ ቃል ወጥቷል፤ ይህ ቃል በወሎ ገበሬ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ የሚያውቅ ያውቀዋል። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ የደርግ መንግሥት 600,000 ያህል ሰዎችን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና በጎጃም ወደ መተከል አሰፈራቸው። ወድዶ የሄደ ነበረ፤ ተገድዶ የሄደም ብዙ ነው። ከእርዳታ ጣቢያ እህል ሲጠብቅ የተጫነ፣ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያየ አለ።

ቦታውን የመረጡት በካርታ ላይ ነው። ካርታው ለም መሬትና ብዙ ውሃ ያሳያል፤ ወባን ግን አያሳይም። ደጋ ተወልዶ ያደገ፣ ጤፍና ገብስ በበሬ ያረሰ ገበሬ፣ ቆላ ወርዶ በወባ አለቀ፤ በሬውም በገንዲ በሽታ አለቀ። ዓፄ ፋሲል ከጣና ዳር ሸሽተው ጎንደርን የመረጡበትን ነገር፣ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የነበሩት ሹማምንት አልጠየቁትም። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» የሚለውን የአባቶች ቃል የሰማ ሰው እንኳ ይህን አያደርገውም ነበር። ደግሞም እንደ ፊንፊኔ ሁሉ አገሩ ባዶ አልነበረም። በመተከል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ አኙዋክ ይኖሩ ነበር፤ ደናቸው ሲመነጠር፣ ማሳቸው ሲያዝ የጠየቃቸው አልነበረም። የተገደደው ሰፋሪና የተገፋው ባለ አገር ሳይወዱ ጎረቤታሞች ሆኑ። በዘመናችን በመተከል በደም የተጻፈው መከራ ከዚያ ብቻ መጣ ለማለት አልደፍርም፤ ከዚያ ምንም አልመጣም የሚለኝንም ሰው አላምነውም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ32ኛው አንቀጽ ማንም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ ነጻነት እንዳለው ይናገራል። በጎንደር እስላም ቤትና በመተከል መንደሮች ላይ ቆሞ ለሚያየው ይህ ቃል ትንሽ አይደለም። የወረቀቱ ቃል በየአገሩ እንደሚገባው ተፈጽሟል ማለት ግን አይቻልም። ስለዚህ ወደ እኔ የሚመጣውን ወጣት ሦስት ነገር እንዲያደርግ እለምነዋለሁ። ኪራይ ከመክፈሉ በፊት በክረምት አንድ ጊዜ፣ በበጋም አንድ ጊዜ ቦታውን ይየው። ውሃው ስንት ቀን እንደሚጠፋ የሚያውቁት ደላላው ሳይሆን የሰፈሩ ሴቶች ናቸውና እነርሱን ይጠይቅ። ከእርሱ በፊት በዚያ የኖሩት እነማን እንደ ሆኑ፣ ዛሬስ የት እንዳሉ ይወቅ፤ ቋንቋቸውን ባይችል ሰላምታቸውን ይማር። ዕድር ካለ ደግሞ የቤት ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ይግባ። ይህ አራተኛ ሆነ፤ ይሁን።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ወሎ ተመለሱ። መሬታቸውን ሌላ ሰው ይዞት ያገኙት ብዙ ናቸው። ሌሎቹ ግን ቀሩ። «አገርህ የት ነው ቢሉት ገና አላገባሁም አለ» ይባላል፤ ከቀሩት መካከል በዚያ ያገቡ፣ በዚያ የወለዱ ነበሩ። ማንጎ ተከሉ፤ የቆላውን ማሽላ መዝራት ተማሩ። እናቶቻቸውንና ወንድሞቻቸውን በወባው ዓመት የቀበሩት በዚያ ነበርና፣ መቃብሩን ጥለው መሄዱን ያልወደዱም አሉ።